የጸሐፊው ዐይን የንግድ ቤቱ ሀብት ነው

የጉምሩክ ዲክላራሲዮንም ሆነ የሽያጭ ሒሳብ ዛሬ የሚዘጋጀው በኮምፒዩተር ነው። ሠራተኛው ወደ ማታ ራሱን ሲያመውና ዐይኑ ሲቃጠል ግን ብዙዎቻችን ስንፍና ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሰው የኮምፒዩተርን ገጽ አተኩሮ ሲመለከት ዐይኑን ማርገብገብ ስለሚቀንስ ዐይኑ ይደርቃል፤ የመስኮት ብርሃን በገጹ ላይ ሲያንጸባርቅም ድካሙ ይብሳል።

መድኀኒቱ ብዙ ወጪ የለበትም። ገጹ ከዐይን 60 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ የላይኛው ጫፉ ከዐይን ትይዩ አይለፍ፤ መስኮቱም በጐን በኩል ይሁን። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ነገር መመልከት ዐይንን ያሳርፋል። ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሠራተኛ ደግሞ ለገጹ ርቀት የተለካ መነጽር ሊያስፈልገው ይችላል።

የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ በኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች ያለ ራሳቸው ወጪ ዐይናቸውን እንዲመረመሩ ደንግጓል። እኛም ነጋዴዎች ይህን በበጎ ፈቃዳችን ልናደርገው ይገባናል። የደከመ ዐይን አንዲት አኃዝ ቢያሳስት ዕቃው በጉምሩክ መጋዘን ይውላል ያድራል፤ የመጋዘኑም ኪራይ ከመነጽሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለኮምፒዩተሩ መግዣ ያልሰሰትን ሰዎች፣ ለሚሠራበት ሰው ዐይን መሰሰት አይገባንም።