ለእንግዳ በር መክፈትና ቁልፍ ማስረከብ

ያገራችን ሰው እንግዳ ተቀባይ ነው። መንገደኛ ከደጃፍ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ!» ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ ብዙ ሳይመረምር ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥበዋል፤ ካለው ያቀርብለታል፤ መኝታም ይሰጠዋል። ነገር ግን ለማያውቀው እንግዳ የጎተራውን ቁልፍ የሚያስረክብ፣ ወይም ሣጥኑን እንደ ልቡ እንዲፈትሽ የሚፈቅድለት ባለቤት አይገኝም። እንግዳን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ በቤት ላይ ሥልጣን መስጠት ሌላ ነገር ነው።

ይህን ያነሣሁበት ምክንያት በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የምንሠራበት ኮምፒዩተር፣ በዩኤስቢ ቀዳዳው በኩል የሚመጣለትን ዕቃ ሁሉ ስለሚቀበልበት ልማድ ጥቂት አሳብ ለማቅረብ ነው። ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ፍላሽ በኪሱ ይዞ የሚዞር ተማሪና የሕዝብ ጉዳይ በኮምፒዩተር የሚያስተናግድ ወጣት ሠራተኛ ሁሉ የሚመለከተው ነው።

ማውስ ወይም ፕሪንተር ወይም ፍላሽ በተሰካ ጊዜ፣ ጥቂት ሰከንድ ሳይቆይ ዕቃው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚፈጸመው ግን ብዙ ነው። ኮምፒዩተሩ አዲስ ዕቃ መምጣቱን በሽቦው ላይ ከሚታየው የኤሌክትሪክ ለውጥ ያውቃል። ለመጪውም ከ1 እስከ 127 ካሉት ቁጥሮች አንዱን አድራሻ አድርጎ ይሰጠዋል። ቀጥሎም ማንነቱን ይጠይቀዋል። ዕቃው የሚመልሰው 18 ባይት ርዝመት ባላት አጭር መግለጫ ሲሆን፣ በእርሷ ላይ የሠሪው ኩባንያ ቁጥርና የዕቃው መለያ ቁጥር ይገኛሉ። ከዚህም ጋር ዕቃው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ የሚያመለክት የመደብ ቁጥር ይነገራል፤ ለምሳሌ 3 ለኪቦርድና ለማውስ፣ 7 ለፕሪንተር፣ 8 ለፍላሽና ለመሰሎቹ ነው።

ኮምፒዩተሩ እነዚህን ቁጥሮች ከሰማ በኋላ ለዕቃው የሚስማማውን ድራይቨር ይፈልጋል። ድራይቨር ማለት በኮምፒዩተሩና በዕቃው መካከል ቆሞ የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚያስተረጉም ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ላይ ከርነሉ የመጪውን ቁጥሮች ያስታውቃል፤ ዩዴቭ የተባለውም አገልጋይ ማስታወቂያውን ተቀብሎ፣ ቁጥሮቹ የሚስማሙት ከየትኛው ድራይቨር ጋር እንደ ሆነ ከመዝገብ ታይቶ ያው ድራይቨር እንዲጫን ያደርጋል። ዊንዶውስም አስቀድሞ ከራሱ ክምችት ይፈልጋል፤ ካጣ በኢንተርኔት ከማይክሮሶፍት ያስመጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን በወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው አንድም ቃል አልተጠየቀም።

የዚህን አሠራር ጥቅም መካድ ውለታ ቢስነት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው የዩኤስቢ ደንብ በ1996 ከመውጣቱ በፊት፣ በኮምፒዩተር ላይ አንድ ዕቃ ለመጨመር ብዙ ጊዜ ሣጥኑን መፍታት፣ በካርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ መሰኪያዎች በእጅ ማዛወር፣ ድራይቨሩንም ከዲስኬት መጫን ያስፈልግ ነበር። አንዲት ቁጥር የተሳሳተ እንደ ሆነ ሁለት ዕቃዎች በአንድ መስመር ይጋጩና ሁለቱም ይቆማሉ። ዩኤስቢ ይህን ሁሉ ድካም አቃለለ። አጀማመሩ እንኳ እንከን አላጣውም። በሚያዝያ ወር 1998 ቢል ጌትስ በቺካጎ ከተማ ዊንዶውስ 98ን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ረዳቱ የሥዕል ማንሻ ስካነር ቢሰካበት ኮምፒዩተሩ በጉባኤው ፊት ወደቀ፤ ሰማያዊው የብልሽት ገጽም በትልቁ መጋረጃ ላይ ታየ። ሕዝቡ ሣቀ፤ ጌትስም ራሱ ቀልዶበት አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሥራው እየተስተካከለ ሄዶ፣ ዛሬ ሙያ የሌለው ሰው ሁሉ ያለ ረዳት ዕቃውን ሰክቶ ይሠራል።

እንግዲህ ጉድለቱ የት ነው? ጉድለቱ ኮምፒዩተሩ ዕቃውን ማንነቱን ጠይቆ፣ የተመለሰለትን ሁሉ እውነት ነው ብሎ በመቀበሉ ላይ ነው። መግለጫዋ ፎቶግራፍ የሌለባት፣ ማኅተም ያላረፈባት፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ የጻፋት መታወቂያ ማለት ናት። በ2014 ካርስተን ኖል እና ያኮብ ሌል የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች፣ በላስ ቬጋስ በተደረገው የብላክ ሃት ጉባኤ ላይ ይህን በግልጥ አስመሰከሩ። በፍላሹ ሆድ ያለውን የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ለወጡና ፍላሹ «እኔ ኪቦርድ ነኝ» እንዲል አደረጉት። ኮምፒዩተሩም አመነው፤ የኪቦርድ ድራይቨር ጫነለት። ከዚያ ወዲያ ፍላሹ ባለቤቱ የጻፈ እያስመሰለ ትእዛዝ ይጽፋል። እዚህ ላይ ድራይቨሩ ምንም በደል የለበትም፤ ሐሰተኛው እንግዳው ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ያባቶች ቃል ከዚህ የበለጠ የሚስማማበት ቦታ አይገኝም።

ብዙ ሰዎች ይህን የሰሙ እንደ ሆነ «እንግዲያውስ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈን» ይላሉ። በኔ አስተያየት ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ መፍረድ አይገባም።

የመጀመሪያው፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የመጣና የተመረመረ ድራይቨር ለሚስማማው ዕቃ በራሱ መጫኑ ነው። ይህ ልክ ተበጅቶለት ሊቀጥል የሚገባው አገልግሎት ነው።

ሁለተኛው፣ በፍላሹ ውስጥ ተቀምጦ የመጣው ፕሮግራም ፍላሹ እንደ ተሰካ በራሱ መነሣቱ ነው። ይህ ልማድ ብዙ ጉዳት አድርሷል። በ2008 መጨረሻ የተነሣው ኮንፊከር የተባለው ቫይረስ ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነበር። ማይክሮሶፍትም ጥፋቱን አይቶ በ2009 በወጣው ዊንዶውስ 7 ላይ ለፍላሽ ከለከለው፤ በ2011 ደግሞ ክልከላውን ለቀደሙት ዊንዶውሶች አስተላለፈ። በኛም አገር ከጽሕፈትና ኮፒ ቤት ተመልሶ በመጣ ፍላሽ ላይ፣ እውነተኞቹ ፋይሎች ተሰውረው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ተደርድሮ ያላየ የቢሮ ሠራተኛ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ቫይረስ በራሱ መነሣት ቢከለከል እንኳ፣ ሰውዬው ሾርትከቱን ፋይል መስሎት በገዛ እጁ እንዲከፍተው ይጠብቃል።

ሦስተኛው፣ ዕቃው ሲሰካ የሠሪው ኩባንያ ፕሮግራም ከሩቅ ተጠርቶ መጥቶ በከፍተኛ ሥልጣን ሥራ መጀመሩ ነው። ክርክሬ በተለይ በዚህ ላይ ነው። በነሐሴ 2021 የታወቀው የሬዘር ማውስ ነገር በቂ ምስክር ነው። ያን ማውስ በዊንዶውስ ኮምፒዩተር ላይ የሰካ ሰው የኩባንያው መጫኛ ፕሮግራም ሳይጠራው ይመጣለት ነበር፤ የሚሠራውም በኮምፒዩተሩ በመጨረሻው ከፍተኛ ሥልጣን ነበር። ፕሮግራሙ «በየትኛው ፎልደር ልጫን?» ብሎ መስኮት ይከፍታል። ተራው ተጠቃሚ በዚያች መስኮት በኩል የትእዛዝ መጻፊያውን ሲከፍት፣ እርሱም ያንኑ ሥልጣን ወርሶ ይገኛል። ትናንት አንድ ፕሮግራም ለመጫን እንኳ ፈቃድ ያልነበረው ሰው በአንድ ማውስ ምክንያት የኮምፒዩተሩ ጌታ ሆነ ማለት ነው። ኩባንያው ጉድለቱን እንደሚያርም አስታወቀ። ነገር ግን ለእጅ መዳፊያ የሚሆን ዕቃ ስለ ምን ያን ያህል ሥልጣን እንደሚያስፈልገው የጠየቀ ሰው ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ማረሚያም ባላስፈለገ ነበር።

«ድራይቨር እኮ የሠሪውን ፊርማ ይዞ ስለሚመጣ አያሠጋም» የሚል ይኖር ይሆናል። ፊርማ በእርግጥ ትልቅ መከላከያ ነው። ይሁንና በ2010 የተገለጠው፣ በኢራን የናታንዝ የኒውክሌር ጣቢያ መኪናዎች ላይ ጉዳት ያደረሰው ስተክስኔት፣ በፍላሽ እየተጓዘ ከመዛመቱም በላይ ይዟቸው የመጣው ድራይቨሮች ከሁለት የታይዋን ኩባንያዎች በተሰረቀ የፊርማ ቁልፍ የተፈረሙ ነበሩ። ዊንዶውስ ፊርማውን አይቶ አሳለፋቸው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሁሉ ከባለማኅተሙ የመጣ እንዳልሆነ በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ኮምፒዩተሩ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ «ልቀበለው?» እያለ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ ሰው ሳያነብ «አዎን» ማለትን ይለምዳል፤ ጥያቄውም ከንቱ ይሆናል። ደግሞም የተሰካው ብቸኛው ኪቦርድ ከሆነ ፈቃዱ በምን ይጻፋል? ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ መልስ ግን አለው። ጥያቄው ጥቂት ይሁን፤ በሚገባበትም ጊዜ ብቻ ይምጣ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ተሰክተው የተገኙት ሳይጠየቁ ይግቡ፤ አስቀድሞ የታወቀውም ዕቃ እንደ ቤተ ዘመድ ይለፍ። ሁለተኛ ኪቦርድ ነኝ ብሎ በድንገት የመጣ ግን ይጠየቅ። ባለቤቱ ቆልፎ በሄደበት ሰዓት የሚመጣውም እስኪመለስ ድረስ በደጅ ይቆይ።

ይህ የሕልም አሳብ አይደለም። አፕል በ2018 አይፎን ከተቆለፈ አንድ ሰዓት ካለፈው በኋላ በሽቦ የሚመጣ አዲስ ዕቃ መረጃ እንዳይለዋወጥ አድርጓል፤ በ2022 ደግሞ በራሱ ቺፕ በሚሠሩት ላፕቶፖች ላይ አዲስ ዕቃ ሲሰካ የባለቤቱ ፈቃድ እንዲጠየቅ አድርጓል። በሊኑክስም ዩኤስቢጋርድ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የተፈቀዱትን ዕቃዎች ዝርዝር ይዞ፣ በዝርዝሩ ያልተገኘው ድራይቨር ሳይጫንለት እንዲቆም ያደርጋል። የጐደለው ዕውቀቱ ሳይሆን፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ይህን በሥራ ላይ ለማዋል ያላቸው ፈቃድ ነው።

ሆኖም በር ጠባቂው የቱን ያህል ቢበረታ የባለቤቱን ማስተዋል አይተካም። በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግቢው ውስጥ 297 ፍላሾች ጥለው ምን እንደሚሆን ተመለከቱ። በ2016 ባወጡት ጥናት እንደ ገለጡት፣ ከመቶ 45 በሚሆኑት ላይ የነበረው ፋይል በአንሺዎቹ ተከፍቷል። የሚያስደንቀው ደግሞ ከተጠየቁት አብዛኞቹ ይህን ያደረጉት የፍላሹን ባለቤት አውቀው ለመመለስ መሆኑን መናገራቸው ነው። በጎ አሳብ ብቻውን አይጠብቅም ማለት ነው።

የቴክኒክ ትምህርት የምትከታተሉ ተማሪዎች፣ ነገ እንዲህ ያሉትን ፕሮግራሞች የምትጽፉት እናንተ ናችሁና፣ ለዕቃው ከሥራው የበለጠ ሥልጣን አትስጡት። ማውስ የማውስን፣ ፕሪንተር የፕሪንተርን ያህል ይበቃዋል። በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ደግሞ፣ በፊታችሁ ያለው ኮምፒዩተር የግላችሁ እንዳልሆነ አስቡ። የባልቴቷ የጡረታ መዝገብ፣ የገበሬው የመሬት ካርታ፣ የተማሪው የፈተና ውጤት በእርሱ ውስጥ ነው። የእነዚህ ሰዎች ጉዳይ በጠፋ ጊዜ «ዕቃው በራሱ ገባ» የሚለው መልስ አያጽናናቸውም። በአስተዳዳሪ ሥልጣን ገብቶ የዕለት ሥራ አለመሥራት፣ ከውጭ የመጣ ፍላሽ ለዚሁ በተለየ ኮምፒዩተር ላይ ሳይመረመር አለመክፈት፣ ወድቆ የተገኘውንም ሳይሰኩ ለባለሙያ ማስረከብ ገንዘብ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው። ባለጉዳይ ፍላሹን ዘርግቶ «ይህችን ብቻ አትሙልኝ» ሲል፣ «ይቆዩኝ፣ አስቀድሜ ላስመርምረው» ማለት ነውር የለውም፤ መዝገቡን በአደራ የተቀበለ ሰው ወግ ነው።