አገራችንን እንወቅ፦ የጓሳ ምድር

በዛሬው ዓምዳችን ወደ ደጋ እንወጣለን። ባና ያላችሁ ባና ያዙ፤ ብርዱ ቀላል አይደለም።

ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ከገርጂ እንነሳ። በኮተቤ አድርገን የደሴን መንገድ እንያዝ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስንሄድ ደብረ ብርሃን እንደርሳለን። ከዚያ አልፈን ጣርማ በር ላይ ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ግራ እንታጠፋለን። ይህ የመንዝ መንገድ ነው፤ መሐል ሜዳ ከተማ ያደርሳል። መሐል ሜዳ ሳንደርስ ግን ሣር የለበሰ ሰፊ ተራራማ ምድር እናቋርጣለን። ቤት አይታይበትም። ማሳ አይታይበትም። ስሙ ጓሳ ነው።

ገርጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጓሳ ግን ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርድና ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ስፋቱስ? 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ሲሉት ለብዙ ሰው አይጨበጥም፤ በጥማድ እናስላው። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር 10,000 ሄክታር ነው። አንዱ ሄክታር 4 ጥማድ ያህል ነው። ስለዚህ ጓሳ 40,000 ጥማድ ይሆናል ማለት ነው። አንድ ገበሬ በቀን አንድ ጥማድ እያረሰ ልጨርሰው ቢል ከ100 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያውም ሰንበትና በዓል ሳያከብር ነው!

ዝናቡ በዚህ ሣር ውስጥ ይሰርግና ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በስተ ምዕራብ የሚፈሰው ውሃ በጀማ ወንዝ አድርጎ ዓባይ ይገባል። በስተ ምሥራቅ ገደሉን የሚወርደው ወደ አዋሽ በኩል ይሄዳል።

ሰዎቹ የሚኖሩት ከጓሳ በታች ባለው አገር ነው። መንዝ ከጥንት ጀምሮ በሦስት ይከፈላል፤ እነርሱም ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ናቸው። ዋናው እህል ገብስ ነው። ገብሱ እንጀራም፣ ቆሎም፣ በሶም፣ ጠላም ይሆናል። ውርጭ ያለ ጊዜው ከመጣ ግን ሰብሉን በአንድ ሌሊት ያቃጥለዋል። ያን ጊዜ ሰው የሚተማመነው በበጉ ነው። የመንዝ በግ ጸጉሩ ረጅም ነው። ሴቶች ጸጉሩን ይፈትላሉ፤ ወንዶች ባናና በርኖስ ይሠሩበታል።

ለመሆኑ ጓሳ ማለት ምንድን ነው? የሣሩ ስም ነው። ሣሩ ረጅምና ጠንካራ ነው። ለቤት ክዳን ይሆናል። ገመድ ይገመድበታል። እረኛ በክረምት የሚለብሰው ገሳም ከእርሱ ይሠራል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ በሬውና ላሙ የሚተርፉት በዚሁ በጓሳ ነው። ታዲያ በዚያ ብርድ ሣሩ ቶሎ አያድግም። ዛሬ ያጨዱት ተመልሶ እስኪጠና ዓመታት ይወስዳል።

ይህን የጥንት ሰዎች አውቀውታል። ከዛሬ 300 ዓመት በላይ ቀደም ብለው ጀምሮ ጓሳን በሕግ ይጠብቁት ነበር። አለቃ ይመርጣሉ። አለቃው ምድሩን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋዋል። በተዘጋበት ጊዜ ማጨድ የለም፤ ከብት ማስገባት የለም። ሣሩ ሲደርስ ተነጋግረው በበጋ ይከፍቱታል። መጀመሪያ ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ሁሉም ይወጣል። ሕግ የጣሰ ይቀጣል።

ሕጉ ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። መብቱ የርስት ነበር፤ ከአገሩ አቅኚዎች ከእነ አስቦና ከእነ ጌራ ዘር ለተቆጠረ ሰው ብቻ! ዘሩን መቁጠር ያልቻለ ጎረቤት ሣሩን በዓይኑ እያየ ይቀራል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስት ቀረ። ጓሳም የሁሉ ሆነ፤ ይህ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ከርስቱ ጋር አለቃውም ቀረ። የሚዘጋ ጠፋ፤ የሚከፍት ጠፋ። አንዱ ሲያጭድ ሌላው «እኔስ ለምን ይቅርብኝ?» አለ። በዚህ ዓይነት ሣሩ ተመናመነ። ችግሩ ሲብስ በዙሪያው ያሉት ገበሬ ማኅበሮች ተመካክረው ኮሚቴ አቋቋሙ፣ መተዳደሪያም አወጡ። አሁን መብቱ በዘር ሳይሆን በነዋሪነት ሆነ። በ2000ዎቹ ዓመታት የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። ጠባቂዎቹም የአገሩ ሰዎች ናቸው።

ሣሩ ሲጠበቅ አራዊቱም ተጠበቁ። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የሉም። ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራል፤ ቀን ወጥቶ እንደ በግ ሣር ይበላል። ቀይ ቀበሮ የሚበላው አይጥ ነው። በጓሳ ጥናት ያደረጉ ሰዎች አንድ ነገር አይተዋል። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሃል ቀስ ብሎ ይሄዳል። ግልገሎቹን አይነካም፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። በዚያ መሃል ሆኖ ሲያድን ብቻውን ከሚያድንበት ጊዜ ይልቅ ብዙ አይጥ ይይዛል። ተንኮለኛ ነው ልበል ይሆን?

በመላ አገራችን የቀሩት ያደጉ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከጥይት ይልቅ የሚፈጃቸው በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ውሻ ይተላለፍባቸዋል። ስለዚህ በጓሳ ዙሪያ ያለ ሰው የውሻ ክትባት ሲመጣ ውሻውን አስሮ ይዞ ይቀርባል። ክትባቱ ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን ልጆቹንም፣ በጎቹንም ከዚያ ክፉ በሽታ ይጠብቅለታል።