ኧረ አቦ፣ እናቱን ተዉአት!

አንድ ወንድ ልጅ አረማመዱ ለየት ካለ፣ የደቻቱን አሸዋ ተሻግሮ መጋላ ሳይደርስ በርጫ ላይ ፍርዱ ያልቃል። «የመጨረሻ ልጅ አይደል? እናቱ አሞላቅቃ አበላሸችው!» ከፍርዱ ስድብ ይከተላል፣ ከስድቡ ዱላ። እኛ ይግባኝ አለን። (አረማመድ የማንንም የፍቅር ዝንባሌ እንደማይናገር ለጊዜው እንለፈው።)

ካናዳውያኑ ሬይ ብላንቻርድና አንቶኒ ቦጋርት እ.ኤ.አ. በ1996 እንደጻፉት፣ ታላላቅ ወንድሞች በበዙ ቁጥር ታናሽየው ወደ ወንዶች የመሳቡ ዕድል ከፍ ይላል። «አላልናችሁም?» ለማለት ግን አትቸኩሉ! ቦጋርት በ2006 ነገሩን አበጠረው። ከአንድ ማህፀን የወጡ ታላላቆች አብረው ባያድጉም ይቆጠራሉ፤ የእንጀራ ወንድሞች ግን ከአንድ መሶብ በልተው ቢያድጉም ለውጥ አላመጡም። ታዲያ ማሞላቀቁ የት ገባ? በ2018 የቦጋርት ቡድን ፍንጩን ከእናት ደም ፈለገ፤ ወንድ ፅንስ ብቻ የሚሠራውን ፕሮቲን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል። እሷ የማታዘው ነገር ማለት ነው።

ስሌቱ ዛሬም ያከራክራል፤ ቁጥሩም ትንሽ ነው። ከመቶ ሁለት የነበረው በአንድ ታላቅ ወንድም ሦስት እንኳ አይሞላም። ስድስት ወንዶች ያሳደገች የደቻቱ እናት ስድስተኛውን በጥርጣሬ የምታይበት ምክንያት የላትም።

ሃይማኖታችሁን አልነካንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629ም አለ፣ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ግን ጎበዝ፣ ያ አንቀጽ እንኳ የሚከሰው ድርጊትን እንጂ አረማመድን አይደለም፤ በርጫ ላይ ለተቀመጠ ጎረምሳም ዱላ አላስጨበጠም።