አራስ ትተኛ ወይስ ትራመድ?

ጥያቄ፡- ደሴ በኦፕራሲዮን ከወለድኩ 5 ቀኔ ነው። አሁን ኮምቦልቻ ቤቴ ገብቻለሁ። እናቴ ግን «አራስ ከአልጋ አትወርድም፤ ስፌቱ ይተረተራል» እያለች አላንቀሳቅስ አለችኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፡- እህታችን፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ! እናትሽ የሰጉት ከፍቅር ነው፤ ቀስ ብሎ መራመድ ግን ስፌት አይተረትርም። የሚያሰጋውስ ቀን ከሌት መተኛቱ ነው። ደም እግር ውስጥ ይረጋና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ደጋግመሽ ወዲያ ወዲህ በይ።

ስትነሺ ጉልበትሽን አጥፈሽ በጎንሽ ዙሪ፤ እግርሽን አውርደሽ በክንድሽ ተደግፈሽ ቀና በይ። እንዳያዞርሽ ትንሽ ቁጭ ብለሽ ቁሚ። ሳል ሲመጣ ሆድሽን በትራስ ደገፍ አድርጊ። እስከ 6 ሳምንት ከልጅሽ የከበደ ነገር፣ ጀሪካንም ሆነ ትልቅ ድስት፣ እንዳታነሺ።

ለቀጠሮ ወደ ደሴ ስትሄጂ 25 ኪሎ ሜትር ያህሉ መንገድ ዳገትና ጠመዝማዛ ነውና ሾፌሩ ቀስ ይበል። ቀበቶው ከስፌቱ ዝቅ ብሎ በጭንሽ ላይ ይለፍ።

አንድ እግርሽ አብጦ ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ካተኮሰሽ፣ ደም ከበዛብሽ ወይም ቁስሉ መግል ከያዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ። እናትሽ ልጁን ይያዙልሽ፤ አንቺ ተራመጂ!