ደወል ስትሰሙ ወዴት ትላላችሁ?

የዛሬው ጨዋታችን ከቤት ወጣ ብሎ መንገድ ላይ ነው።

እስኪ አንድ ጥያቄ ላንሣላችሁ። ከባለቤታችሁ ጋር ጎን ለጎን እየተጨዋወታችሁ ስትሄዱ ድንገት ከኋላችሁ የብስክሌት ደወል ብትሰሙ ወዴት ዞር ትላላችሁ? ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ? እኔና ባለቤቴ በዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ሳንነጋገር ሃያ ዓመት በትዳር ኖረናል። ተነጋግረንበት ቢሆን ኖሮ የአንድ ልጅ ጉልበት ባልተላጠ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት መንገዶች ዳር ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር መዘርጋቱን የከተማዋ ነዋሪዎች ታውቃላችሁ። ሐኪም ለባለቤቴ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንድትራመድ ስላዘዘላት ሲመሻሽ ወደዚያ መውጣት ጀመርን። ያን ዕለት የታናሿን ልጃችንን ትምህርት ቤት እንቀይር ወይስ አንቀይር በሚል ክርክር ላይ ነበርን። ክርክሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ከኋላችን “ቅጭል ቅጭል” የሚል ድምፅ ሰማን። እኔ ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ ሸሸን። ብስክሌተኛው በመካከላችን ሊያልፍ ሲል እሷ ወደ እኔ መመለስ አማራት። ልጁ ፍሬን ያዘ፤ ከነብስክሌቱም ወደቀ።

እኔም ጮህኩ። “አንተ! ዓይን የለህም እንዴ?” አልኩት። ልጁ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የተበተኑትን ደብተሮቹን እየለቃቀመ፣ “ይቅርታ ጋሼ፤ ግን ሁለቴ ደውያለሁ እኮ” አለኝ። ባለቤቴ ቀሚሷን እንኳ ሳታራግፍ፣ “ልጄ፣ ተጎዳህ?” ብላ ጉልበቱን ማየት ጀመረች። ይህን ጊዜ ዓይኔን ወደ መሬት ብጥል ከጫማዬ ሥር ነጭ የብስክሌት ሥዕል አየሁ። ለካ የቆምኩት በእሱ መንገድ ላይ ነው! ይቅርታ ስጠይቀው እሱ ራሱ አፍሮ አቀረቀረ። አባት የሚሆነው ሰው ይቅርታ ሲጠይቀው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ወገኖች፣ እግረኛ ወደ ብስክሌት መስመር የሚገባው ክፉ ስለሆነ አይደለም። መስመሩ ለጥ ያለ ነው፤ ሱቅ በደረቴ የለበትም፤ ፎቶ የሚነሣ ሙሽራ አይቆምበትም። የእሑድ አምልኮ ሲያበቃ እኛም ስምንትና ዘጠኝ ሆነን ሰላምታ እየተለዋወጥን እንወጣና ሳናውቀው መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እንሞላዋለን። ሶምሶማ የሚሮጡትም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። የእግረኛው ንጣፍ ጠዋት ጠዋት ያንሸራትታል፣ ሰው ይበዛበታል፣ ሩጫንም ያቋርጣል። በተለይ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ብስክሌተኛ ሳይበዛ ቢሮጡበት እኔ በበኩሌ አልቆጣም። የምቆጣው ሁለቱንም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ፣ መሐል መሐሉን ሮጦ፣ ጫፍ ሲደርስ ዞር ብሎ ሳያይ ድንገት በሚመለሰው ላይ ነው። ብስክሌተኛ ከፊቱ ያለው ሰው ቀጥ ብሎ ይሄዳል ብሎ ነው የሚያሰላው። ከመታጠፍ በፊት በትከሻ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ማየት ብዙ አደጋ ያስቀራል።

ጥቂት ስሌት ልጨምር፤ የትምህርት ቤት ሒሳብ ለዚህ ካልሆነ ለምን ይሆናል? ሰው ሲራመድ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ደህና የሚነዳ ብስክሌተኛ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም በአንዲት ሰከንድ ከአምስት ሜትር በላይ ማለት ነው። ሰው ድንገት የሆነ ነገር አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ብቻ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ንጣፉ በዝናብ ሲረጥብ ደግሞ ጎማው ቶሎ አይቆምም። ስለዚህ ብስክሌት የምትነዱ ወጣቶች፣ ደወሉን ሦስት ሜትር ላይ ደርሳችሁ ብትደውሉ ለእግረኛው የሰጣችሁት ግማሽ ሰከንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰው አያስብም፤ ይደነብራል እንጂ። ሃያ ሜትር ሲቀራችሁ ደውላችሁ ዝግ ብትሉ ግን ሦስት ሰከንድ ተኩል ያህል አገኘ ማለት ነው። በእኛ ጊዜም ልጁ ሁለቴ ደውያለሁ ሲል እውነቱን ነው። የሰማነው ግን ሁለተኛውን ብቻ ነበር።

በዚህ ጉዳይ የሌላውንም አገር ማየት አይከፋም። እንግሊዞች የመንገድ ደንባቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ሲያሻሽሉ፣ በሌላው ላይ የበለጠ ጉዳት ማድረስ የሚችል የበለጠውን ኃላፊነት ይሸከማል የሚል ሐሳብ ከፊት አስቀምጠዋል። ብስክሌተኛም እግረኛ አጠገብ ሲደርስ እንዲያዘግም፣ መምጣቱን በደወል ወይም በትሕትና ቃል እንዲያሳውቅ፣ እግረኛው መስማት የተሳነው ወይም ዓይነ ስውር ሊሆን እንደሚችልም እንዲያስብ ይነግሩታል። በጀርመን ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ ክቡን ሰማያዊ ምልክት ታውቁታላችሁ። እግረኛውና ብስክሌቱ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ከተሣሉ መንገዱ የጋራ ነው፤ በመካከላቸው ቁም መስመር ካለ ግን እያንዳንዱ በየወገኑ ይሄዳል። ጉርብትናውን በአንዲት መስመር አስረድተውታል።

ወደ ሩቅ ሳንሄድ ባሕር ዳርና ሐዋሳም አሉ። ሜዳማ ስለሆኑ ብስክሌት ከኖረባቸው ቆይቷል። አዲስ አበባ ላይ ግን ለብዙዎቻችን የራሱ መስመር ያለው ብስክሌት አዲስ እንግዳ ነው። እንግዳው ደግሞ አንዳንዴ ያስቀይማል፤ መስመሩ እያለለት በእግረኛው መንገድ ላይ እናቶችን እያደናበረ የሚከንፍ አለ። እንዲህ ያለውን እኔም አልደግፍም። የኔ ጥፋት የእሱን አያጸድቅለትም፤ የእሱም የኔን።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። በዚያው ማታ ሻይ እየጠጣን ሕግ አወጣን። ከእንግዲህ የምንሄደው በእግረኛው መንገድ ነው። የብስክሌት መስመር ውስጥ ለመግባት ከተገደድን ግን ቀድሞ የሰማው “ቀኝ!” ይላል፤ ሁለታችንም ወደ ቀኝ እንጠጋለን፤ ጎን ለጎን መሄዱ ቀርቶ እኔ ከኋላ እሆናለሁ። ታናሿ ልጃችን አብራን ስትወጣ እጇን የሚይዛት ሰው በመስመሩ በኩል ይሆናል፤ እሷ በውስጥ በኩል። መጀመሪያ ሰሞን ባለቤቴ ደወል ሳይኖር “ቀኝ!” እያለች ታስቀኝ ነበር።

ልጁን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አገኘነው። የእግረኛው መንገድ ለጥገና ተቆፍሮ ሰው ሁሉ በብስክሌቱ መስመር ይሄድ ነበር። ከሩቅ ደወለ። “ቀኝ” አልኩ፤ ተጠጋን። ባለቤቴ ሳትዞር እጇን አነሣች። እሱም ዝግ ብሎ በግራችን አለፈና፣ “እትዬ፣ እንደምን አመሹ?” አላት። ስለ ትምህርት ቤቱ ግን እስካሁን አልተስማማንም።