ከሜጋፒክስሉ በፊት ሌንሱን

የመጀመሪያውን ዲጂታል ኤስ.ኤል.አር. ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ሜጋፒክስል እንዳለው ነው። በእኛ እምነት ግን ቀዳሚው ጥያቄ ሌንሱ ምን ያህል ብርሃን ያስገባል የሚለው ሊሆን ይገባል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከ12 ወደ 24 ሜጋፒክስል ስናድግ በምስሉ ወርድ ላይ የሚደረደሩት ነጥቦች የሚበዙት በ2 ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ1.4 እጥፍ ብቻ ነው። በአንጻሩ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ ቋሚው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። የብርሃኑ መጠን የሚለካው በሁለቱ ቁጥሮች ንጽጽር ስኩዌር በመሆኑ ልዩነቱ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋል። በምሽት፣ በመብራት ብቻ፣ በ1/10 ሴኮንድ የሚደበዝዘውን ፊት በ1/100 ሴኮንድ ማንሳት ይቻላል ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ቋሚው ሌንስ አያቀርብም፣ አያርቅም፤ ፎቶግራፍ አንሺው በእግሩ መጠጋትና መሸሽ ይኖርበታል። ሰፊ መልክዓ ምድር ለሚያነሳም ይጠብበታል። ሰው ለሚያነሳ ተማሪ ግን ያገለገለ ርካሽ ቦዲ ገዝቶ የተረፈውን ገንዘብ በዚህ ሌንስ ላይ ማዋል ይበጀዋል እንላለን።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል። ከዲ3000 እስከ ዲ3500 ያሉት የኒኮን ካሜራዎች በውስጣቸው የትኩረት ሞተር የላቸውም። ስለዚህ የራሱ ሞተር ያለው ሌንስ ካልተመረጠ ትኩረቱን በእጅ ማስተካከል ግድ ይሆናል። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሌንሱና ቦዲው አብረው ይሞከሩ።