የቢሮ ኪራይ በዱባይ፦ ኮሚሽኑን የሚከፍለው ተከራዩ፣ ደላላው ግን የማን ነው?

ዱባይ፦ በዱባይ አነስተኛ ድርጅት ለማቋቋም የሚነሳ ሰው ከሚፈርማቸው ውሎች ሁሉ ከባዱ ብዙውን ጊዜ የቢሮ ኪራይ ውል ነው። ከነጻ የንግድ ቀጠናዎች ውጭ የሚሠራ ድርጅት የንግድ ፈቃዱን ለማውጣትም ሆነ ለማደስ በአብዛኛው «ኢጃሪ» በተባለው ሥርዓት የተመዘገበ የኪራይ ውል እንዲያቀርብ ይጠየቃል። የሠራተኞቹ የመኖሪያ ፈቃድ ደግሞ በዚሁ የንግድ ፈቃድ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ የቢሮው ውል ሲበላሽ የሚጎዳው የባለቤቱ ኪስ ብቻ ሳይሆን በድርጅቱ ስም የሚኖሩት ሠራተኞችም ናቸው። በከተማዋ ዋና ዋና የንግድ ሰፈሮች የቢሮ ፍላጎት በቅርብ ዓመታት ከአቅርቦት እየበለጠ፣ ኪራይም እየናረ በመምጣቱ፣ ተከራይን ከአከራይ የሚያገናኘውን ደላላ መምረጥ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አግኝቷል።

በአገር ቤት «ደላላ» ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በስልክና በትውውቅ የሚሠራ፣ ከሁለቱም ወገን የሚቀበል አገናኝ ነው። በዱባይ ግን የሪል ስቴት ድለላ በሕግ የሚመራ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ደንብ ቁጥር 85 ደላሎች በመዝገብ እንዲሰፍሩ ያዛል። በ2007 የተቋቋመውና በዱባይ የመሬት ዲፓርትመንት ሥር የሚሠራው የሪል ስቴት ተቆጣጣሪ ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ሬራ፣ ሙያውን ይቆጣጠራል። የተመዘገበ ደላላ የራሱ መለያ ቁጥርና መታወቂያ ካርድ አለው፤ የሚያወጣው ማስታወቂያም የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ተከራይ ይህን ሁሉ «ዱባይ ሬስት» በተባለው የስልክ መተግበሪያ ማጣራት ይችላል። ቁጥሩን ለመስጠት የሚያንገራግር ሰው ካጋጠመ ንግግሩ እዚያው ላይ መቆም አለበት።

ይሁን እንጂ ፈቃድ መኖሩ ጥያቄውን አይዘጋም። ዋናው ጥያቄ ደላላው የቆመው ለማን ነው የሚለው ነው። ለኪራይ የቀረበ ቢሮ ማስታወቂያ የሚያወጣው ደላላ ብዙውን ጊዜ ውክልናውን ያገኘው ከአከራዩ ነው። ኮሚሽኑን የሚከፍለው ግን በተለመደው አሠራር ተከራዩ ነው፤ መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከዓመቱ ኪራይ 5 በመቶ ይሆናል። በዚህም የተነሳ ተከራዩ «የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ የሚከራከርልኝም እሱ ነው» ብሎ ያስባል። በእርግጥ ደላላው ክፍያውን የሚያገኘው ውል ሲፈረም ነው፤ ኪራዩ ከፍ ባለ ቁጥርም ድርሻው ይጨምራል። ይህ የግለሰቡ ክፋት ሳይሆን የአከፋፈሉ ባሕርይ ነው።

መፍትሔው ቢሮ ለማየት ከመሄድ በፊት ግንኙነቱን በጽሑፍ መወሰን ነው። ደላላው የተከራዩ ወኪል መሆኑ፣ ከሚያሳያቸው ሕንፃዎች መካከል በየትኞቹ የአከራይ ውክልና እንዳለው፣ ክፍያው በመቶኛ ነው ወይስ በቁርጥ፣ ከአከራዩም ወገን የሚቀበለው ገንዘብ መኖር አለመኖሩ በግልጽ ሊሰፍር ይገባል። ኮሚሽን በስምምነት የሚወሰን በመሆኑ 5 በመቶው የማይነካ ሕግ አይደለም።

ገንዘቡን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። የዓመት ኪራዩ 120,000 ድርሃም የሆነ ቢሮ በ5 በመቶ ስሌት 6,000 ድርሃም ኮሚሽን ያስከፍላል። ከ2018 መጀመሪያ አንስቶ ተግባራዊ የሆነው 5 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ደላላውና አከራዩ ለታክሱ የተመዘገቡ ከሆነ፣ በኮሚሽኑ ላይ 300፣ በኪራዩ ላይ ደግሞ 6,000 ድርሃም ይጨምራል። ከዚህ ቀደም መኖሪያ ቤት ብቻ ተከራይቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ላያስበው ይችላል፤ በመኖሪያ ቤት ኪራይ ላይ ታክሱ አይከፈልምና። ዓመታዊ ሽያጩ ለግዴታ ምዝገባ ከተወሰነው 375,000 ድርሃም በታች የሆነና በፈቃዱም ያልተመዘገበ ድርጅት የከፈለውን ታክስ መልሶ ማግኘት አይችልም። ይህን አስቀድሞ የማይነግር ደላላ በንግድ ቤቶች ሥራ ልምድ እንደሌለው ያሳያል።

የመኖሪያ ቤት ደላላና የቢሮ ደላላ የሚለዩትም በዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ነው። ልምድ ያለው የቢሮ ደላላ ስለ መስኮቱ ዕይታ ከማውራቱ በፊት የንግድ ፈቃዱን ዓይነት ይጠይቃል፤ በነጻ ቀጠና የተመዘገበ ድርጅት በአጠቃላይ አነጋገር ከቀጠናው ውጭ እንዳሻው ቢሮ ሊከፍት አይችልምና። የዱባይ ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ማዕከልም በ2020 የወጣ የራሱ የኪራይ ሕግ አለው። ሥራው በዚያ ሕንፃ የተፈቀደ ነው ወይ? ቢሮው ፊኒሺንግ ያለቀለት ነው ወይስ ባዶ ግድግዳ? የማቀዝቀዣውን ወጪ ማን ይሸፍናል? ለውስጥ ሥራ ጊዜ ከኪራይ ነጻ ወራት ይሰጣል ወይ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ፣ ካላወቀም አጣርቶ በጽሑፍ የሚያመጣ ደላላ ለኮሚሽኑ የሚመጥን ሥራ ሠርቷል።

ከሁሉ በላይ ግን ደላላው ሕጉን ማወቅ አለበት። በዱባይ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት የሚመራበት የ2007 ሕግ ቁጥር 26 መኖሪያንም ንግድንም ይሸፍናል። በሕጉ መሠረት ውሉ ጊዜው ሳይደርስ በአንድ ወገን ፍላጎት አይፈርስም። ስለዚህ ሥራው ባይሳካ በመሐል የመውጣት መብት የሚኖረው ተከራዩ ይህን በውሉ ካስገባ ብቻ ነው። ተከራዩ ያሠራቸው ቋሚ ማሻሻያዎች፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሲለቅ ነቅሎ የሚወስዳቸው አይደሉም። በዕድሳት ወቅት የውል ቃል ለመለወጥ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቢያንስ የ90 ቀን ማስታወቂያ ያስፈልጋል። የኪራይ ጭማሪም በ2013 ዓዋጅ ቁጥር 43 የተገደበ ነው፦ ነባሩ ኪራይ ከተመሳሳይ ቤቶች አማካይ ኪራይ ያለው ርቀት እስከ 10 በመቶ ከሆነ ጭማሪ አይፈቀድም፤ ከዚያ በላይ እንደ ርቀቱ ከ5 እስከ 20 በመቶ ይደርሳል።

በጉዞ ወኪልነት፣ በጭነት አገልግሎት ወይም በቡና ንግድ ለሚጀምሩ አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች አንድ ነጥብ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወጪ ለመቆጠብ ከአገር ልጅ ቢሮ ተቀንሶ መከራየት መልካም ትብብር ሊመስል ይችላል። ሕጉ ግን ያለ ባለንብረቱ የጽሑፍ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማከራየትን ይከለክላል። ፈቃዱ በሌለበት የተከፈለ ኪራይ ኢጃሪ አያስገኝም፤ ኢጃሪ ከሌለ ደግሞ ፈቃዱ ይጓተታል። በተመሳሳይ ምክንያት የኪራይ ቼክ በባለንብረቱ ወይም በሕጋዊ ወኪሉ ስም እንጂ በደላላው ስም መጻፍ የለበትም፤ አከራዩ ባለቤት መሆኑም በይዞታ ማረጋገጫው መታየት አለበት።

ደላላ ሁልጊዜ ያስፈልጋል ማለት አይደለም። አንዳንድ ትልልቅ የሕንፃ ባለቤቶችና የነጻ ቀጠና አስተዳደሮች በቀጥታ ያከራያሉ፤ የሚፈልገውን ሕንፃ ለይቶ ለሚያውቅ ሰው ይህ ኮሚሽኑን ሊያድን ይችላል። ሆኖም በቀጥታ የሚደራደረው የአከራዩ ሠራተኛ የሚያስጠብቀው የአከራዩን ጥቅም ስለሆነ፣ ውሉን የሚያነብለት ሌላ ባለሙያ ማግኘት የተከራዩ ፋንታ ይሆናል።

ክርክር ከተነሳ የዱባይ የኪራይ ክርክሮች ማዕከል አለ። አቤቱታ ለማቅረብ የሚከፈለው ከዓመቱ ኪራይ 3.5 በመቶ ነው፤ ዝቅተኛው 500፣ ከፍተኛው 20,000 ድርሃም። ከላይ ለተጠቀሰው ቢሮ 4,200 ድርሃም መሆኑ ነው፤ ክርክሩ የሚፈጀው ጊዜም ለጀማሪ ድርጅት ሌላ ኪሳራ ነው። በመሆኑም ተከራይ ደላላውን «ስንት ቢሮ አለህ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «የማን ወኪል ነህ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ቢቀበል፣ የድርጅቱንም የሠራተኞቹንም ነገር በተሻለ መሠረት ላይ ያቆማል።